የስልካችን አማርኛ በማን ድምፅ ይወሰናል?

ስልኩን ወደ አማርኛ የቀየረ የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ የሚነግረው «7:00 ጥዋት» ብሎ ነው። «ጠዋት» አላለም፤ «ጧት»ም አላለም። ወሩም በአብዛኛው ሰኔ ሳይሆን «ጁን» ነው። «ጥዋት» ስህተት ነው ለማለት አይደለም። በአማርኛ ሦስቱም አጻጻፎች ሲሠራባቸው ኖረዋል። ጥያቄው ከሦስቱ አንዱን መርጦ በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ ያስገባው ማን ነው የሚለው ነው።

አብዛኞቻችን «ጎግል» ወይም «አፕል» ብለን እንመልሳለን። መልሱ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔው የተሰጠው በአንድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ተዘግቶ አይደለም። የተሰጠው በድምፅ ነው። የምርጫ ደንብ አለው፣ መራጭ አለው፣ የድምፅ ቆጠራ አለው። እኛ ግን ስለዚህ ምርጫ ሲወራ ሰምተን አናውቅም።

እኔ የምሠራው መስቀል ፍላወር አካባቢ ካሉት አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮዎች በአንዱ ነው። ሥራችን በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው። በአገራችን ስለዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው ነፃ መሆኑ ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ማንም ይወስደዋል ይባላል። ይህ ልክ ነው። ሆኖም መውሰድና መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሁሉም ክፍት በሆነ ቤት ውስጥም ቢሆን በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ የሚቆጠርለት ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ጥቂት ሰው እንዴት እንደሚመረጥና እኛ የት እንዳለን ነው።

ድምፁ እንዴት ይቆጠራል?

ሲኤልዲአር በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቅ ፕሮጀክት አለ። የዓለም ቋንቋዎች ቀንን፣ ሰዓትን፣ ቁጥርን፣ ገንዘብንና የአገር ስምን እንዴት እንደሚጽፉ በአንድ ቋት የሚሰበስብ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኒኮድ ኮንሶርቲየም ሥር ገባ። ዩኒኮድ ደግሞ የእኛን ፊደል እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ባወጣው 3.0 እትሙ ውስጥ ያካተተው ድርጅት ነው። የአንድሮይድና የአይፎን ስልኮች፣ ዋና ዋናዎቹ የኢንተርኔት ማሰሻዎችና እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች የቀንና የሰዓት አጻጻፋቸውን የሚቀዱት ከዚሁ ቋት ነው። ስለዚህ እዚያ የገባ አንድ ቃል ውሎ አድሮ በየስልኩ ይገኛል።

ለእያንዳንዱ ቃል አስተያየት ሰጪዎች አማራጭ ያቀርባሉ፤ ባቀረቡት ላይም ድምፅ ይሰጣል። በራሱ ፈቃድ የተመዘገበ ግለሰብ «እንግዳ» ይባላል፤ ድምፁም እንደ አንድ ይቆጠራል። በአባል ድርጅት ተመድቦ የገባ የቋንቋ ባለሙያ ድምፅ ግን ከእንግዳው ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ከመስቀል ፍላወር ተነሥቶ በትርፍ ሰዓቱ የሚሳተፍ የአማርኛ መምህር የሚኖረው አንድ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ቀጥሮ ያስቀመጠው ተርጓሚ ግን ብቻውን ከበርካታ መምህራን ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ሲሰሙ ደም የሚፈላባቸው ይኖራሉ። እኔ ግን አስቀድሜ ለደንቡ መከራከሪያ ላቅርብለት። አንደኛ፣ በኢንተርኔት የሚመጣ እንግዳ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንድ ሰው በሃያ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ድርጅት አሥር ባለሙያ ቢያሰልፍም ድምፁ የሚቆጠረው እንደ አንድ ድርጅት ነው፤ ይህም ብዙ ሠራተኛ ያለው ሁሉን እንዳይውጥ ይከላከላል። ሦስተኛ፣ የቋንቋ ጉዳይ በጩኸት ብዛት አይፈታም። በእኛ ቢሮ ውስጥ «ጠዋት» እና «ጧት» በሚሉት ላይ አምስት ሰዎች ተከራክረን ሳንስማማ ነው ምሳ የወጣነው። አምስት ሰው ያልተስማማበትን አምስት ሺህ ሰው ድምፅ ቢሰጥበት ውጤቱ የግድ የተሻለ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ድምፅን በክብደት መለየት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚዛኑ ድንጋይ ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው።

የምርጫ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። ወደ ሰዓቱ እንመለስ። «ጥዋት» የሚለውን በ«ጠዋት» ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ድምፅ መስጠት ይችላል። ከንጋቱ አንድ ሰዓት እንደ ባህላችን «1:00» ተብሎ እንዲጻፍ የሚፈልግ ሰው ግን ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። በቋቱ ውስጥ የሰዓት አቆጣጠር አራት ዓይነት ሆኖ ተቀምጧል፤ አንዱ ከዜሮ፣ አንዱ ከአንድ፣ አንዱ በ12፣ አንዱ በ24 እያለ ይለያል። አራቱም ግን መነሻቸው እኩለ ሌሊት ነው። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ፣ ሌሊቱን ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ እንዳለ የምርጫ ወረቀቱ አያውቅም።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በካዛንቺስ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ትልልቆቹ ሆቴሎች ባሉበት ሰፈር፣ «ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነው» የሚል መልእክት ለሁለት ሰዎች ሁለት ትርጉም አለው። የአውሮፕላን ትኬት የያዘ፣ የሐኪም ቀጠሮ የተሰጠው፣ መድኃኒቱን በሰዓት የሚወስድ ሰው ሁሉ በጭንቅላቱ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። የተማረው ለምዶታል፤ ያልተማረው ግን ይሳሳታል። የራሱን ሰዓት በራሱ ቋንቋ የማያሳይ ስልክ ከፊሉ ብቻ እንደተተረጎመ ይቆጠራል።

የዘመን አቆጣጠራችን ዕጣ ግን ከዚህ ይለያል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት ወሮቻችን፣ የዓመተ ዓለም ቆጠራ ሳይቀር፣ በዚሁ ቋት ውስጥ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ ቀናችን ገብቶ ሰዓታችን ውጪ ቀርቷል። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ በቃላት ላይ ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የሚቀርበውን ጥያቄ መቅረጽ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ሥልጣን ያለው በቴክኒክ ኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን፣ በዚያ የሚቀመጡት በዋናነት የአባል ድርጅቶች ተወካዮች ናቸው። የዩኒኮድ ሙሉ አባልነት ደግሞ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በሙሉ አባላቱ ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት ስናይ የኖርነው ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችንና እንደ ኦማን የስጦታና የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር ያሉ ጥቂት የመንግሥት ተቋማትን ነው።

ሌሎቹ እንዴት ፈቱት?

የመምረጥ መብት ጥያቄ የሲኤልዲአር ብቻ አይደለም። ታላላቅ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ሁሉ ተጨቃጭቀውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን በ1998 ያጸደቀው የራሱ ሕገ መንግሥት አለው። መሪውን በየዓመቱ በምርጫ ይሰይማል። ለረጅም ጊዜ ግን መራጭ የሚሆነው በዋናነት የሶፍትዌር ጥቅል የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። ተርጓሚው፣ መመሪያ ጸሐፊው፣ ሥዕል ሠሪው ለዓመታት ቢያገለግልም ሙሉ አባል የሚሆንበት በር ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ኮድ የማይጽፉ አገልጋዮችም ሙሉ አባል እንዲሆኑ ወሰኑ። በሩ የሰፋው ግን በውጪ ባሉት ጩኸት ሳይሆን በውስጥ ባሉት ድምፅ መሆኑን ልብ ይሏል። ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ የሚወስነው ድምፅ ያለው ነው።

ሌላው ምሳሌ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መሥራቹ ጊዶ ቫን ሮሰም ለብዙ ዓመታት የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ብቸኛ ሰው ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ከአንድ የከረረ ክርክር በኋላ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ተተኪም አልሰየመም። ዋናዎቹ አልሚዎች በዚያው ዓመት መጨረሻ ድምፅ ሰጥተው አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት መሠረቱ። በደንቡ ውስጥ ያስገቡት አንድ አንቀጽ ለእኛም ይጠቅማል፤ ከአምስቱ ከሁለት በላይ የሚሆኑት የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ሊሆኑ አይችሉም።

ሦስተኛው የኦፕን ስትሪት ማፕ ፋውንዴሽን ነው። ካርታው በበጎ ፈቃደኞች ይሳላል፤ በፋውንዴሽኑ ምርጫ የሚሳተፈው ግን መዋጮ የከፈለ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦርድ ምርጫ በፊት በሕንድ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች የሆኑ አንድ መቶ ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ አባል ለመሆን ሲመዘገቡ ትልቅ ጥርጣሬ ተፈጠረ። ገንዘብ ብቻ መመዘኛ ከሆነ ድምፅ ሊገዛ እንደሚችል ሁሉም አየ። በኋላ ላይ በዓመት ውስጥ ቢያንስ 42 ቀን ካርታ የሠራ ሰው ያለ ክፍያ አባል የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ። ሥራ ከገንዘብ ጎን መመዘኛ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያሳዩን ሁለት ሚዛኖችን ነው። አንዱ ገንዘብ ሲሆን ሌላው ሥራ ነው። ሁለቱም ከፊል ፍትሕ አላቸው። ነገር ግን አንድ ሦስተኛ ሚዛን ጎድሏቸዋል፤ ውሳኔው የሚነካው ማንን ነው የሚለው።

እድራችን የሚያውቀው ነገር

ለኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሚዛኖቹን በሕግም በልማድም እናውቃቸዋለን። የባንክ ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ የሚኖረው ድምፅ በአክሲዮኑ ልክ ነው። በሕብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ደግሞ መርሁ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ አሥር ኩንታል ቡና ያስገባና መቶ ኩንታል ያስገባ ገበሬ እኩል እጅ ያወጣሉ።

እድር ከሁለቱም የረቀቀ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ በእድር ስብሰባ ሀብታሙና ድሃው እኩል ይናገራሉ። ሆኖም ወርኃዊ መዋጮውን ያልከፈለ፣ ቀብር ላይ የማይገኝ፣ ድንኳን ሲተከል የማይታይ አባል ቃሉ ይቀላል። መዋጮውም ሥራውም ይቆጠራል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን እድሩ የተቋቋመው ሐዘን የሚደርስበትን ሰው ለመርዳት ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው በጉዳዩ ላይ ይጠየቃል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በርካታ የካዛንቺስ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ሩቅ ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ እድሮች ከባድ ጥያቄ ከፊታቸው ተደቀነ። አርባ ዓመት የከፈለ፣ አሁን ግን ከከተማው ዳር የሚኖር አባል ድምፁ ይቀጥላል ወይስ ይቀንሳል? መልሱ ከእድር እድር ሊለያይ ይችላል። ነገር ግን ማንም እድር «ገንዘቡን የሚያበዛ ይወስን» ብሎ አይመልስም።

በእድርና በሶፍትዌር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት መኖሩን መደበቅ አይገባም። ቅር የተሰኘ የእድር አባል ጎረቤቶቹን ይዞ ሌላ እድር ማቋቋም ይችላል። በኦፕን ሶርስም ይህ መብት «ፎርክ» ይባላል፤ ኮዱን ገልብጦ የራስን መንገድ መከተል ማለት ነው። ብዙዎች «ካልተመቻችሁ ገልብጣችሁ ሂዱ» ይላሉ። ለአንድ ፕሮግራም ይህ ይሠራ ይሆናል። ለቋንቋ ቋት ግን አይሠራም። የሲኤልዲአርን መረጃ ዛሬ ገልብጠን በኢትዮጵያ ሰዓት ልናስተካክለው እንችላለን፤ ነገር ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው ስልክ የሚያነበው የእኛን ግልባጭ አይደለም። መውጫ በር በሌለበት ቦታ ድምፅ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጉዳዩ ከሰዓት በላይ ነው

አንዳንዱ አንባቢ «አገሩ ስንት ችግር እያለበት ስለ ጥዋትና ጠዋት?» ሊል ይችላል። ቅሬታው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ነገሩ እየሰፋ የሚሄድ ነው።

የጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ ተቋም ሥር በተቋቋመ ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው። ሁለቱም መልካም ምርጫዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ከተዘጋ ሶፍትዌር ይሻላሉ። ነገር ግን በሚቀጥለው እትም ምን ይጨመር፣ ምን ይቅደም የሚለው የሚወሰነው በፕሮጀክቶቹ ውስጥ ነው። የዜጎቹን ስም በአንድ መድረክ ላይ የሚመዘግብ አገር በዚያ መድረክ ላይ ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

በቋንቋም ቢሆን አማርኛ ዕድለኛው ነው። ለዓመታት በቋቱ ውስጥ የተሻለ ሽፋን ሲኖረው፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ቀርተው ቆይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። በወረቀት የሥራ ቋንቋ የሆነ ቋንቋ በስልክ ላይ የወሩን ስም በትክክል የማያሳይ ከሆነ ውሳኔው ጎዶሎ ነው። ኩባንያዎች ባለሙያ የሚመድቡት ገበያ ለሚያዩበት ቋንቋ ነው። ገበያ ለማይታይበት ቋንቋ ድምፅ የሚሰጠው እንግዳው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ አለው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔው «መንግሥት ይግባበት» የሚል ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። በቋንቋ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ድምፅ ቢይዝ አጻጻፍ በመመሪያ የሚታዘዝበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በ1970ዎቹ የፊደል ማሻሻያ ሐሳብ የቀሰቀሰው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በሌላ በኩል ነገሩን ለበጎ ፈቃደኛ ግለሰቦች ብቻ መተውም አያዋጣም፤ ሚዛኑ ለእነሱ እንዳልተሠራ አይተናል።

ሦስት ነገሮችን ግን ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የቋንቋ ተቋሞቻችን በድርጅት ደረጃ መሳተፍ ነው። ይህ ለድሃ አገር የማይደረስበት አይደለም። የቡታን የዞንግካ ልማት ኮሚሽንና በአሜሪካ የቸሮኪ ብሔር በሲኤልዲአር ውስጥ እንደ ድርጅት ለቋንቋዎቻቸው ሠርተዋል። ሕዝባቸው ከአዲስ አበባ ሕዝብ በጣም ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚ፣ በ1993 ዓ.ም. የታተመውን አማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ማዕከል ወራሽ እንደመሆኑ፣ ለዚህ ከማንም የቀረበ ነው። የጅማ፣ የመቐለ፣ የጅግጅጋና የሰመራ ዩኒቨርሲቲዎች ለየቋንቋዎቹ ተመሳሳይ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል።

ሁለተኛው፣ የሰዓት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ድምፅ መስጠት ስለማይቻል፣ የሚያስፈልገው በሚገባ የተጻፈ የቴክኒክ ሐሳብ ነው፤ ቀኑ ከየት እንደሚጀምር፣ ቀኑ ሲቀየር ሰዓቱ ምን እንደሚሆን፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን እንዴት እንደሚታይ የሚያብራራ። ፊደላችንና ዘመን አቆጣጠራችን ዛሬ የያዙት ቦታ ማንም በልመና ሊያገኘው የሚችል አልነበረም፤ የተጻፈና ለጥያቄ መልስ ያለው ሐሳብ የሚጠይቅ ነው።

ሦስተኛው እኛን የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ይመለከታል። ከዴቢያንና ከፓይተን ታሪክ እንዳየነው፣ ደንብ የሚቀየረው በውስጥ ባሉ ሰዎች ነው። የምንጠቀምበትን ፕሮጀክት ስህተት ስናገኝ በቢሮአችን ጠግነን ዝም ከማለት ይልቅ ጥገናውን ወደ ፕሮጀክቱ መመለስ፣ ስማችን በሥራ ዝርዝሩ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ዓመት ጠብቆም አባልነት መጠየቅ ይኖርብናል። ቀጣሪዎችም ሠራተኛው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለዚህ ሲያውል እንደ ሥራ ሊቆጥሩለት ይገባል። ምክንያቱም ያ ሠራተኛ ነገ የሚይዘው ድምፅ የእነሱንም ጥቅም ይዳኛል።

ሥራ ድምፅ ማስገኘት አለበት በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ቋንቋውን በየቀኑ እየተናገረ የሚሠራው ሥራ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ያንን ሥራ ወደ መዝገቡ የሚያደርሱት ደግሞ ከላይ ያነሣኋቸው ተቋማትና ባለሙያዎች ናቸው። እስከዚያው ድረስ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልካችን «7:00 ጥዋት» ማለቱን ይቀጥላል።